ከውስጥ ኪስ የወጣው ጠርሙስ

ይህን የምጽፈው በአባዬ ፈቃድ ነው። «ጻፊው፤ ግን ፈሪ እንዳታስመስይኝ» ብለውኛል። ፈሪ አልነበሩም። ግትር ግን ነበሩ፤ እኔ ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩም ቤተሰባችን በሙሉ ያውቃል።

ስሜ ገነት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ከምኖርበት አፓርታማ ሳልወጣ የሰው ልጆች እጠብቃለሁ፤ ዴይኬር የሚሉት ሥራ ነው። አባዬ ደሴ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ መጡ። የልብስ ሰፊ ነገር ሆኖባቸው ቆሻሻ ለመጣል ሲወጡ እንኳ ኮት ይደርባሉ። የሐኪም ቀጠሮ ካላቸውማ ሱፉ ከነሰደርያው፣ ከረባቱ፣ ባርኔጣው አይቀርም። «ያልለበሰ በሽተኛ ላይ ሐኪም ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል» ይላሉ።

ነገሩ የሆነው ልጄ ሜሮን ለሠርጓ በምትዘጋጅበት ሰሞን ነው። «ኢትስ ኦኬ አያዬ፣ ካባውን ሬንት ማድረግ እችላለሁ» ብትላቸው ተቆጡ። «የእኔ የልጅ ልጅ በሌላ ሰው ትከሻ የተለካ ካባ ልትለብስ? እኔ ቆሜ እየሄድኩ?» አሉ። ደማቅ ቀይ ከፋይ ገዝቼ አመጣሁ። አባዬ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ለኳት፤ ጨርቁን ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በጠመኔ አሰመሩት። መቀሱን ያነሱ ዕለት ግን ጣታቸው አልታዘዝ አለ። መቀሱ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ። ከፋዩን ቀስ አድርገው አጣጥፈው፣ «ነገ ይሻለኛል» ብለው ክፍላቸው ገቡ። አልተሻላቸውም። ብዙም ሳይቆይ ቅዳሴ ላይ እግራቸው ከዳቸውና ሰው ላይ ተዘረፈጡ።

ከዚያ ወዲያ ስፔሻሊስት ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ተማርን። የቤተሰብ ሐኪማችን ወደ ልብ ሐኪም ላከን፤ የልቡ ወደ ኩላሊት፤ የኩላሊቷ ደግሞ ወደ ነርቭ። ክሊኒኮቻቸውም የተራራቁ ናቸው፤ የልቡ አሌክሳንድሪያ ነው፣ የኩላሊቷ ዊተን፣ የነርቩ ጀርመንታውን። አባዬ የፈረንጅ ስም መያዝ ስለማይሆንላቸው ሐኪሞቹን በያዙት ዕቃ ነው የሚጠሯቸው። «ዛሬ ማን ጋ ነን? የልቡ ጋ ወይስ የኩላሊቷ?» ይሉኛል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ «ገነት፣ እነዚህ ሰዎች እኮ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው ተካፈሉኝ። ጭንቅላቱ ለማን ደርሶ ይሆን?» አሉኝ። እየሳቅሁ መታጠፊያዬን አለፍኩት።

ሁሉም ሐኪሞች አንድ የማይቀር ጥያቄ አላቸው። «እኛ ካዘዝንልዎት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አባዬ ቀና ብለው «የለም» ይላሉ፤ እኔም አፌን ሞልቼ «ኖ» እላለሁ። ደማቸው ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ይወርዳል፣ ግፊታቸው ይወጣል፣ ልባቸው ምቱን ይስታል። ምክንያቱን ማንም አላገኘውም። የልብ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መንስኤው ካልታወቀ ከቆዳዎ ሥር ልብዎን የሚጠብቅ ባትሪ ያለው መሣሪያ እናስገባለን፤ ልብዎ ድንገት ሊቆም ይችላል» አለ። ተረጎምኩላቸው። አባዬ ስለ ባትሪው ምንም አልጠየቁም።

«ጣቴስ በይው» አሉ።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀና ጣት የነርቭ ሐኪሙ ክፍል መሆኑን ነገረን።

የዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ነው እንግዲህ ሁሉም ነገር የሆነው። ልጆቹን የሚጠብቅልኝ ሰው አግኝቼ በጠዋት ተነሣን። አሌክሳንድሪያ ደርሰን፣ በስንት መከራ ፓርኪንግ አግኝተን ክሊኒኩ ስንገባ፣ ሐኪሙ ድንገተኛ ኦፕሬሽን ገብቷልና ከሰዓት በኋላ ተመለሱ አሉን። «ኮል አድርገንልሽ ነበር እኮ» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ተቀምጧል። ምን ልበላት?

አባዬ ከመውጣታችን በፊት ሽንት ቤት ገቡ። እንደ ወትሮው ቆዩ፤ እንደ ወትሮው ጢማቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወጡ። ጣፈጥ ያለ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

«አባዬ፣ ከረሜላ እየበሉ ነው እንዴ?»

«ደግሞ አፌ ላይ ዘበኛ ሆንሽ?» አሉኝ።

በአሮጌዎቹ የሸክላ ጡብ ቤቶች መሃል ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ስንሄድ ዝናብ ጀመረ። አባዬ ባርኔጣቸው እንዳይበሰብስ እየሸፈኑ ቀና ሲሉ አንድ በር ላይ የተሰቀለ የሙቀጫና የዘነዘና ምልክት አዩ። «ፋርማሲ ነው፤ እንጠለል» አሉ።

ፋርማሲ ነበር፤ ግን የድሮ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳው ከታች እስከ ጣሪያው በጠቆረ እንጨት መደርደሪያ ተሸፍኗል፤ ከመደርደሪያው ታች ረድፍ ሙሉ ትንንሽ መሳቢያዎች፣ ከላይ ጠርሙስ በጠርሙስ። ከአስጎብኚዋ በቀር ሰው የለም። ሽበቷ ያማረ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ በዝናብ ቀን ሰው ስለመጣላት ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል። አባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት። ሴትየዋ ወዲያው ወንበር አመጣችላቸው።

«ይሄ ሁሉ መድኃኒት ሳይሸጥ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሙዚየም ነው አባዬ። ለማሳያ ነው።»

«አይ ኪሳራ!» አሉ።

ሴትየዋ ወሬ ትችላለች። እኔ እየተረጎምኩ ቀጠለች። አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር በነበረበት ዘመን፣ ይህ ሱቅ ገና ሳይከፈት፣ በየመንደሩ ሐኪም ከተገኘ አንድ ሰው ነበር አለች። እሱው ደም ያፈሳል፣ እሱው ጥርስ ይነቅላል፣ እሱው መድኃኒት ይቀምማል። እየቆየ ግን ከባሕር ማዶ «እኔ የዓይን ብቻ ነኝ»፣ «እኔ የጥርስ ብቻ ነኝ» የሚሉ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከከተማ ከተማ እየዞሩ በጋዜጣ ያስነግሩ ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ ከለንደን በሣጥን በሣጥን እየተጫነ፣ ሁሉንም በሽታ ያድናል የተባለ ጠርሙስ ይመጣ ነበር።

«ሰውዬው ለአንድ ነገር፣ ጠርሙሱ ለሁሉም ነገር» አሉ አባዬ። ስተረጉምላት ከልቧ ሳቀች።

ደስ ስላላት አንዱን ጠርሙስ አውርዳ ከሥሩ የተጻፈውን ታነብልን ጀመር። ለሆድ ቁርጠት። ለሪህ። ለኩላሊት ጠጠር። ለድብርት። ለሕፃናት የሆድ ትል። እኔ እየሳቅሁ ነበር የምተረጉመው። አባዬ ግን መሳቃቸውን አቆሙ።

«ሪህም አለበት?»

«አለበት።»

«ኩላሊትም?»

«አልኩዎ እኮ አባዬ። ትልም ጭምር!»

ሴትየዋ ከመሳቢያዎቹ አንዱን ከፈተችና ቡናማ ደረቅ ሥር አውጥታ አባዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። መድኃኒቱ መራራ ስለነበር በዚህ ያጣፍጡት እንደነበር ነገረችን፤ ሊኮሪስ ይባላል። አባዬ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቅድም ክሊኒኩ ውስጥ የሸተተኝ ከረሜላ ነው።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ግራ እጃቸው ኮታቸው ደረት ላይ ተለጥፏል።

«ገነት» አሉ፣ «ጠይቂልኝ እስቲ። የሚጠጡት ሰዎች ውስጡ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር?»

ጠየቅኋት። አያውቁም፣ ቅመማው ምስጢር ነበር አለች።

«ከተነገረ ኃይሉ ስለሚሄድ ነው?»

ይህንንም ተረጎምኩላት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት መነጽሯን አወለቀች። «ኃይሉ? ኧረ የለም። ከተነገረ ጎረቤት ሁሉ እቤቱ ቀምሞ ይጠጣዋላ! የሚሄደው ገበያው ነው» አለች።

አባዬ ሥሩን መለሱላት። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። «እንሂድ» ብለው ወንበሩን ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ። አልተነሡም። እንደገና ሞከሩ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና መልሶ አስቀመጣቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፈ።

«አባዬ!»

«ልቤ... ይዘላል» አሉኝ።

ሴትየዋ ወደ ስልኩ ሮጠች። እኔ ፊታቸው ተንበርክኬ ከረባታቸውን ፈታሁ። አየር እንዲያገኙ ኮታቸውን ልከፍት ስል በዚያ በደከመ እጃቸው እጄን ያዙኝ። ግን ቀድሜ ነክቼው ነበር። ከኮቱ ገበር ሥር፣ ከእውነተኛው ኪስ ጀርባ፣ ሌላ ኪስ አለ፤ በእጅ የተሰፋ፣ ስፌቱ ከውጭ የማይታይ። ውስጡ ጠንካራ ነገር አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አትንኪው።»

«የሚጠጣ ነው?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። አባዬ እናቴን ሲቀብሩ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሱም።

«ከነገርኩሽ ያልቃል» አሉኝ።

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ኃይሉ ነዋ! መጀመሪያ ለጉልበቴ ነበር። ስካይላይን ሰፈር ያለው ጓደኛዬ ታደሰ ነው ያገናኘኝ ከሚቀምመው ሰውዬ ጋር። 'ለልጅህም እንዳትነግር፣ ለሐኪምም እንዳትነግር፤ ከተናገርከው ውኃ ነው' አለኝ። ኋላ ጣቴ ሲደክም ጨመርኩበት። ሲብስብኝ ደግሞ ጨመርኩበት። ካባውን እስክቆርጥ ብቻ ነበር፣ ገነት። ካባውን ቆርጬ እተወዋለሁ ብዬ ነበር።»

የአገራችን ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከአዋቂ የተቀበሉትን መድኃኒት ዝም ብለው ይጠጡታል፤ ምን እንደሆነ አይነገርም፣ ከማን እንደሆነም አይነገርም። አባዬ ሐኪሞቹን ሁሉ «የለም» ያሏቸው ሊዋሹ ብለው አልነበረም። በእሳቸው ቤት የጣታቸውን ተስፋ መጠበቃቸው ነበር።

አምቡላንሱ መጣ። ሁለት ሰዎች ሽቦ ደረታቸው ላይ ለጣጠፉ። አንደኛው ማሽኑን አይቶ ጓደኛውን ተመለከተው፤ እንቅስቃሴያቸው ፈጠነ። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ።

«ከታዘዘላቸው መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። እጄን ኮታቸው ውስጥ ከትቼ ጠርሙሱን መንጠቅ እችል ነበር፤ ልቤም እሱኑ ይለኛል። ግን የአባዬ ዓይን ፊቴ ላይ ነው። ያን ምስጢር እኔ ብነጥቃቸው ወደ ሆስፒታል የምወስደው የተሸነፈ ሽማግሌ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ፣ ደግሞም ጊዜ የለም።

«አባዬ፣ ሰውዬው እየጠየቀዎት ነው» አልኩ። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ነው የሚለው። እኔ አልመልስለትም።»

አስጎብኚዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። አምቡላንስ ሠራተኛው «ማም?» አለኝ። አልመለስኩለትም። አባዬ እነዚያን ከላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ የማይታዘዙትን ጣቶቻቸውን ወደ ኮታቸው ከተቱ። የገዛ እጃቸው የሰፋው ኪስ አስቸገራቸው። ልረዳቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። እየታገሉ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ጠርሙሱን አወጡትና ለሰውዬው ዘረጉለት።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉት በአማርኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ካባውን እንግዲህ ለሌላ ሰፊ ስጡት» አሉ።

እዚያው ፋርማሲ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ሆስፒታል ስንደርስ የኢመርጀንሲዋ ሐኪም ጠርሙሱን አዟዙራ አየችው። በአማርኛ የተጻፈበትን እንድነግራት ጠየቀችኝ። ለሪህ፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለድብርት። ስዘረዝርላት የቅድሟን ሴትዮ ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ስለ ሥሩ ሽታም ነገርኳት። ዊተን ላለችው የኩላሊት ሐኪማችን ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ያቺ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የነበረች ሴት ስትጮህ ሰማኋት። እሱ ነው፣ ራሱ ነው አለች። ያ ሥር ብዙ ከተጠጣ ፖታሲየምን ያሟጥጣል፣ ግፊት ያወጣል፣ ጡንቻ ያደክማል፣ የልብ ምት ያስታል። በኋላ ጠርሙሱ ሲመረመርም ልክ እንዳለችው ሆነ።

«ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ! ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

አባዬ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ተጋድመዋል። «ምን ትላለች?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እኔም ስላልተናገርኩ ነው፤ እናንተም ሦስታችሁ ስላልተነጋገራችሁ ነው በያት።»

እንዳለ ተረጎምኩት። ከስልኩ ወዲያ ሳቋ መጣ። «ልክ ናቸው በያቸው» አለች።

የሐኪሞቹን ድካም ማሳነስ አልፈልግም። ነገሩን አንዴ ካወቁ በኋላ ልባቸውን እያንዳንዷን ሰዓት ጠብቀው፣ የጎደለውን በልኩ መልሰው፣ አባቴን ከአፋፍ ላይ ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። የጠርሙሱ ነገር ከሰውነት ቶሎ አይወጣምና ጥቂት ቀን ተኙ። አንድ ጠዋት ነርሷ ጣቷን ሰጥታ «ጭመቁ» ብትላቸው ጨመቋት፤ ልጅቷ «አውች!» ብላ እጇን ሳበች። አባዬ የሚያዩት እሷን አይደለም። ጣታቸውን ነው። ወደ ብርሃኑ አንሥተው እያጠፉ እየዘረጉ አዩዋቸው።

«ተናግሬው ነው እኮ የተመለሱት» አሉኝ በሹክሹክታ፣ የሚያምናቸው እንደሌለ ሁሉ።

ባትሪው ቀረ። የልብ ሐኪሙ ከብዙ ምርመራ በኋላ አሁን አያስፈልግም አለ። ከሆስፒታል ሲወጡ አባዬ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ስካይላይን መደወል ነው። «ታደሰ፣ ያንን ነገር ድፋው» አሉ። ወዲያ ማዶ ጋሽ ታደሰ «እንዴ፣ ተናገርከው?» ሲሉ እኔ ድረስ ይሰማል። «ተናገርኩት! ለፈረንጅ ሁሉ ተናገርኩት፤ ይኸው አለሁ» አሉ። ዛሬ ጋሽ ታደሰም ጉልበታቸውን ለሐኪም ያሳያሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ያጫወትኩህ የባህል መድኃኒትን ለመንቀፍ አይደለም፤ የአገሬን ሥራ ሥር የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ባላወቅሁትም አልፈርድም። በእኔ የተለወጠው ነገር አንድ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልስ አስተረጎምኩ እያልኩ ነበር። ጥያቄው ግን አባዬ ልብ ውስጥ ደርሶ አያውቅም። ዛሬ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በየሐኪም ቤቱ ሳስተረጉም፣ ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲል እኔ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ለማንም እንዳይናገሩ ተብለው የሚወስዱት ነገር አለ?» ብዙዎቹ ደንግጠው ያዩኛል። አንዳንዶቹ ኪሳቸውን ይነካሉ። እናንተም አባት እናታችሁን እንዲህ ጠይቋቸው። ጠይቃችሁም አትንጠቋቸው፤ ትንሽ ጠብቁ።

ካባው? ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ከፋዩ እንደገና ተዘረጋ። ሜሮን ሥራዋን ጥላ መጥታ ቆመች። አባዬ መቀሱን አነሱ። መቀሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም ሄደ። «አያዬ፣ ዩ ዲድ ኢት!» አለች ልጄ። «ገና ነው፤ ወርቀ ዘቦው ይቀራል» አሉ፣ ግን ፊታቸውን ከእኛ አዙረው ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ አባዬን አቅፌ ስስማቸው ደረታቸው ላይ ያ የተደበቀ ኪስ ተሰማኝ። አልፈቱትም። ውስጡም ጠንካራ ነገር አለ።

«አባዬ! ምንድን ነው ይሄ? እውነቱን ይንገሩኝ!»

ቀስ ብለው እጃቸውን ከተቱ። ያወጡት ትንሽ የክር መቀስ ነው።

«ስፔሻሊስት ያለ ዕቃው ይሄዳል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ሜሮን አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ ከካባዋ ጠርዝ የተንጠለጠለች አንዲት ወርቃማ ክር ያዙና ቆረጧት።